ማስተማር የማልችለውን አልፈርምም

ጥቅምት 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም እንደ ወትሮው ነው።

ስልክ ላይ «የምትለውን ጻፍልኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም» ብለው ስለዘጉብኝ ይኸው ጽፌያለሁ። የቤታችንን ፕሮጀክት በተመለከተ ሙሉ ሰነዱን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ቤቱ አያቶቼ ለእርስዎና ለሟች አባቴ በጋራ የተዉት በመሆኑ፣ የአባቴን ድርሻ በተመለከተ እኔ፣ እህቴና ወንድሜ ተስማምተን ፈርመናል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። አሮጌው ቤት ይፈርስና በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይቆማል። ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ፣ ከፊቱ የአትክልት ቦታ ይኖረዋል። የእርስዎን መኖሪያ በተመለከተ፣ ደረጃ እንዳይወጡ ከታች በስተኋላ በኩል አንድ ክፍል ተመድቦልዎታል። ሥራው እስኪያልቅ እህቴ ዘንድ ይቀመጣሉ። በፊተኛው ክፍል የምትሠራው ልብስ ሰፊም ከወዲሁ ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻላል።

ሁሉንም ያዘጋጀሁት በሙያዬ ነው። ትልልቅ ሕንፃዎች ሲሠሩ ሥራውን የማስተባብር ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ዝርዝሩ ግራ ቢያጋባዎ አይጨነቁ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ብቻ ይፈርሙ። ያለፈውን ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ባልዲ ደርድረው እንዳሳለፉ እህቴ ነግራኛለች። ዘንድሮ ያ እንዲደገም አንፈልግም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለችኩሌ፣

እንደምን ሰነበትክ? እዚያ ብርዱ ይበረታል ይላሉና ደረትህን ሸፍን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ የሚያመኝ ደረጃ ስወርድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።

ደብዳቤህን አርሜ መልሼልሃለሁ፤ በቀይ ያሰመርኩበትን ተመልከት። «በተመለከተ» የሚለው ቃል በየመስመሩ ተሰንቅሮ አላሳልፍ ብሎኛል። «እርስዎ» የሚለውም ሥር አስምሬያለሁ፤ እሱ እንኳ ስህተት ሆኖ ሳይሆን ገርሞኝ ነው። አፍንጫህን ስጠርግልህ «አንቺ» ነበርኩ። ፊርማ ሲፈለግ ነው እንዴ «እርስዎ» የሚኮነው?

አሁን ወደ ሰነዱ። ደጋግሜ አነበብኩት። የተጻፈው በገዛ ቋንቋዬ ነው፤ ቃሎቹንም አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ተሰልፈው ሲመጡ ግን አላውቃቸውም። «የሥራ ወሰን»፣ «የባለድርሻ አካላት ትንተና»፣ «ወሳኝ መስመር»። ልጄ፣ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ራሴ ያልገባኝን ነገር ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ጡረታ ስወጣ ሕጉም አብሮኝ ወጣ። ማስተማር የማልችለውን ወረቀት አልፈርምም።

ስለዚህ ተነሥቼ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ።

የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቱ አጮልቆ አየኝና፣ «እናቴ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» አለኝ።

«ራሴን ነው።»

«ምን ሊማሩ?»

«የፕሮጀክት አስተዳደር መሠረታዊ ትምህርት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ያደርግልዎታል?»

«ቤቴን ሊያፈርሱት ነው። በምን ቋንቋ እንደሚያፈርሱት ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኩት። እስክርቢቶውን አስቀመጠና ከውስጥ ወንበር አወጣልኝ። ተመዝግቤያለሁ።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰነድህን ገጽ በገጽ ፈልጌ መልሱን አጣሁት። ይህ ሕንፃ ሲቆም ማን ነው የሚኖርበት?

በያዝከው ሁሉ ይቅናህ፤ ይህኛው ሲቀር።

አክስትህ


ኅዳር 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ይቅርታዎን።

ደብዳቤዎን መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ያየሁት። እህቴ ደውላ «የምር ነው፣ ደብተር ስትገዛ በዓይኔ አይቻታለሁ» ስትለኝ ግን ሳቄ ጠፋ። እትዬ፣ ያ ትምህርት ነገ ሥራ ለሚይዙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሰው ጡረታ የሚወጣው ሊያርፍ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ከልጆች ጋር ወንበር ሲጋፉ ሰው ምን ይላል?

ደግሞም የመማሪያ ክፍልና የግንባታ ቦታ ለየቅል ናቸው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ፣ ሠራተኛው ቆሞ ሲጠብቅ፣ አለቃው በስልክ ሲጮህ የሚደረገውን መጽሐፍ አያስተምርም። እኔ ይህን ለመማር ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። በቅዳሜ ትምህርት ይደረስበታል ብለው ከሆነ ሙያዬን እየናቁት ነው።

ጣሪያውን ለምን አያነሱትም? ወራጁ በስብሷል። ሳሎኑ መሐል ላይ ጎብጧል። ይህን ለማየት እኔን መሆን አያስፈልግም። እላይዎ ላይ እስኪወድቅ እንጠብቅ?

«በተመለከተ» የሚለውን ከዚህ ደብዳቤ አውጥቻለሁ። ፊርማዎን እስከ ጥር መጨረሻ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ ከችኮላህም። ፈተና ጨርሶ መጀመሪያ የሚወጣው፣ የወረቀቱን ጀርባ ሳይገለብጥ የሚያስረክበውም አንተ እንደነበርክ አልረሳሁም። ቅጽል ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ልክ ሆኖልሃል።

አሁንም ጥያቄዬን አልመለስክም። ባዶ ቦታ ትቼልሃለሁ፤ ሙላው። ማን ይኖርበታል?

ስለ ትምህርቱ ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ፤ መምህሯ መስያቸው ነው። ከልማድ «ተቀመጡ» አልኳቸው፣ ተቀመጡ። ከዚያ ራሴም ሄጄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ስል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ሾፌር ጎንበስ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ፈተና ሲመጣ ወረቀትሽን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ታደርጊልኛለሽ» አለኝ። «አንተ ደግሞ አንገትህን ወደ ራስህ ወረቀት ዘንበል ታደርጋለህ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

መምህሩ ካንተ በዕድሜ ያንሳል፤ ጥርት አድርጎ ያስረዳል። ጠመኔውን ሲይዝ ብቻ እንደ ሲጋራ ነው፤ አርሜዋለሁ። እንዲህ አለ፦ «ፕሮጀክት ጊዜያዊ ነው። መነሻ አለው፣ ማብቂያ አለው። አንድ የተለየ ነገር ይሠራበታል፣ ተረካቢ ይረከበዋል፣ ያበቃል። በየቀኑ እየተደጋገመ የሚቀጥለው ግን መደበኛ ሥራ ይባላል።»

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ዳቦ ቤት መክፈት ፕሮጀክት ነው?»

«ነው።»

«ዳቦ መጋገሩስ?»

«መደበኛ ሥራ።»

«ቤት መሥራትስ?»

«ፕሮጀክት።»

«ቤት ውስጥ መኖርስ?»

ፈገግ አለ። «እሱ መደበኛ ሥራ ነው፣ እናቴ።»

አየህ ችኩሌ፣ ያንተን ሰነድ በዚህ ዓይን እንደገና አነበብኩት። አንተ ስለ ሕንፃው እንጂ ስለ መኖር አንድ ገጽ አልጻፍክም። ስሜን ፈለግኩ። ከባለድርሻዎቹ መካከል የለሁም። በመጨረሻ ያገኘሁት «ስጋቶች» ከሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው፤ በከባድ ዝናብና በሲሚንቶ እጥረት መካከል። «የነባር ነዋሪ ተቃውሞ። የመከሰት ዕድል፦ መካከለኛ። መፍትሔ፦ ማግባባት።» መካከለኛ? በእጄ አድገህ ይህን ያህል ሳታውቀኝ ቀረህ ማለት ነው? ሰርዤ «የተረጋገጠ» ብዬበታለሁ።

ሁሉ ቀሎልኛል ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄያለሁ። ሥራዎቹን በቀስት አያይዛችሁ ወሳኙን መስመር አውጡ ተባልን፤ እኔ አጭሩን መንገድ ፈልጌ አገኘሁ። ለካ የሚፈለገው ረጅሙ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ነርስ እረፍት ላይ አስረዳችኝ። «ቲቸር፣ እንግዳ ሲመጣ አስቢው። አንዱ ይጠርጋል፣ አንዱ ገበያ ሄዶ መጥቶ ያበስላል። ጠራጊው ቢዘገይ ግድ የለም፣ ጊዜ ይተርፈዋል። ገበያ የሄደው ከዘገየ ግን እንግዳው ጦሙን ይቀመጣል። ወሳኙ መስመር የሱ ነው።» በሚቀጥለው ቅዳሜ አለፍኩ። ወድቆ መነሣት እንዲህ ደስ እንደሚል ተማሪዎቼ ለምን አልነገሩኝም?

በርታ። ብርድ እንዳይመታህ።

አክስትህ


ጥር 12

ለአክስቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ መቅረት የለበትም። እህቴም ወንድሜም ትዕግሥታቸው አልቋል። እርስዎ አልፈርምም ካሉ ድርሻችን ተለይቶ እንዲታወቅ በሕግ ለመጠየቅ ተነጋግረዋል። እኔ አልገፋፋኋቸውም፤ አላቆምኳቸውምም።

ሥራው ከክረምት በፊት መጀመር አለበት። የማምነው ሥራ ተቋራጭ በዚህ ወር መጨረሻ ቦታውን ለመለካት ይመጣል። እባክዎ በሩን ይክፈቱለት። ሌላ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 2

ይድረስ ለችኩሌ፣

ጤና ይስጥልኝ። «አክባሪዎ» የሚለውን ትተሃል፤ አስተውያለሁ። ግድ የለም፣ ሲቆጣ ሰው ቃል ይቆጥባል። እኔ ግን ምርቃቴን አልቆጥብም፤ ጤናህን ይስጥህ፣ ልብህን ያሳርፍልህ።

በሕግ ትጠይቁኛላችሁ? ጠይቁኝ። ሦስታችሁንም ፊደል ያስቆጠርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ክሱን ስትጽፉ ፊደል እንዳትገድፉ ብቻ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ክስ ከመጣልኝ አርሜ እመልሰዋለሁ፤ ዳኛው ፊትም ቢሆን።

ሥራ ተቋራጭህ መጣ። በሩን ከፈትኩለት። ብቻዬን አልነበርኩም። ትምህርታችን ከእውነተኛ ሥራ ጋር ካልሆነ አይያዝም ስለተባለ፣ ቡድናችን የመረጠው የእኔን ጣሪያ ነው። ስለዚህ ነርሷም ሾፌሩም ግቢ ውስጥ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋም ማሽኗን አቁማ በመስኮት አንገቷን አውጥታለች።

ሰውየው ጨዋ ነው። ሜትሩን ከበረንዳው እስከ ኋላው አጥር ዘረጋ። ከሰነድህ ጋር የተያያዘውን ሥዕል አየ። ሜትሩን አየ። እንደገና ዘረጋ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን አከከ።

«እናቴ፣ ሌላ ግቢ አለዎት?»

«ሌላ ግቢ? የለኝም።»

«ከአጥሩ ወዲያ የእናንተ መሬት አለ እንዴ?»

«ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነው።»

«እንግዲያው ይህ ሕንፃ የት ሊቆም ነው? ሥዕሉ ላይ ያለው ግቢ የዚህን እጥፍ ይሆናል!»

ሾፌሩ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና፣ «ማቆሚያው ውስጥ የሚገባው መኪና የልጅ መጫወቻ ካልሆነ እኔ አላቆምም» አለ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽህም፣ ከሁሉም የበለጠ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

በኋላ ሥዕሉን ተቀበልኩና ብቻዬን በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። የሎሚ ዛፉ ቦታው ላይ ነው። የውኃ ጋኑ በትክክለኛው ጥግ ነው። ከወንድምህ ጋር ሩጫ ስትወዳደሩ የምትነሡባት ድንጋይ እንኳ አለች። ከዛፉ እስከ ጋኑ፣ ከጋኑ እስከ በሩ፣ ሁሉም ነገር በየቦታው ነው፤ ብቻ ሁሉም ትልቅ ነው። ያኔ ገባኝ። ማንንም «ለካልኝ» አላልክም። ያወጣኸው ከልብህ ነው፤ እግርህ ትንሽ በነበረ ጊዜ የሮጥክበትን ግቢ ነው የለካኸው። ትልልቅ ሕንፃ የሚያስተባብር ሰው የማያውቃቸው ሰዎች መሬት ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ ያስለካ ነበር። የራስህን ግን ማስለካት አላሰኘህም፤ ማን ከኔ በላይ ያውቀዋል ብለህ።

ይህን የጻፍኩት ላሾፍብህ አይደለም። ትንሽ ማሾፌ ግን አልቀረም።

ሕንፃህ አይቆምም። እኔ እንቢ ስላልኩ ብቻ ሳይሆን መቆሚያ ስለሌለው ነው። ግን አንድ ነገር ደግሞ ልጻፍ። ግቢው በቂ ቢሆንም ኖሮ እንቢ እል ነበር። የመሬቱ ጥበት ከለላዬ እንዲሆን አልፈልግም፤ እንቢታዬ የራሴ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሃለሁ። ማን ነው የሚኖርበት?

አክስትህ


መጋቢት 9

ይድረስ ለችኩሌ፣

ከወር በላይ ዝም አልክ። በአስተማሪነቴ ሁለት ዓይነት ዝምታ አውቃለሁ። አንዱ መልሱን የማያውቅ ልጅ ዝምታ ነው። ሌላው መልሱን እያወቀ ሊናገር የሚያፍር ልጅ ዝምታ ነው። የመጀመሪያው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሁለተኛው ጫማውን ያያል። አሁን ጫማህን እያየህ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

ስለ ጣሪያው የጻፍከውን አልመለስኩም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልክ ነህ፣ ወራጁ በስብሷል። ሾፌሩ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣቱን ሲሰድበት እስከ አንጓው ገባ። ስለዚህ የምሰጥህ መልስ «ጣሪያው ደህና ነው» አይደለም። መልሴ ከዚህ ጋር የተያያዘው ነው።

ይህ የእኔ ዕቅድ ነው። የቡድናችን ሥራ ሆኖ ቀርቧል። ዓላማው አንድ መስመር ነው፤ ውኃ የማያስገባ ጣሪያ፣ ከክረምት በፊት፣ ቤቱ ሳይፈርስ። የሥራ ወሰኑም በግልጽ ተጽፏል፤ ፎቅ የለውም፣ የመኪና ማቆሚያ የለውም። ባለድርሻዎቹ ተዘርዝረዋል። አንተም አለህበት፤ እኔ ሰውን ከዝናብና ከሲሚንቶ ጋር አልደባልቅም። ልብስ ሰፊዋ ለማሽኗ ደረቅ ቦታ ተይዞላታል። መጽሐፎቼ ወዴት እንደሚሄዱ ተወስኗል። ድመቷ እንኳ ታስባለች።

መምህሩ ገና አላረመውም። ካንተ በፊት እንዲያርመው አልፈለግኩም። ሙያዬን ናቅሽው ብለኸኝ ነበር። አልናቅኩትም፤ ተማርኩት እንጂ። አሁን አንተ ቀይ እስክርቢቶ ያዝ። አትዘንልኝ።

ጤናህን ይጠብቅልህ።

አክስትህ


መጋቢት 30

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ይህን የምጽፈው የመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ጠረጴዛዬን ሸጥኩት።

እሺ። የሚኖርበት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ፎቅ፣ በግራ በኩል፣ በረንዳው ወደ ሎሚ ዛፉ የሚያየው። ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሦስት ጊዜ ዘለልኩት። ሥራም እንደ ወትሮው አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የምሠራበትን ክፍል መስከረም ላይ ዘጋው፤ «ሥራ በዝቶብኝ» ያልኩሽ የምሄድበት ቢሮ ሳይኖረኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ለብሼ እወጣለሁ፤ ጎረቤቶቼ እንዳይጠይቁኝ። ሊፍት ውስጥ «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል፣ «ይበዛል» እላለሁ።

እትዬ፣ ባዶ እጄን መመለስ አልቻልኩም። ሰው «ተባሮ መጣ» ከሚል «ሕንፃ ሊያሠራ መጣ» ይበል ብዬ ነው። እህቴም ወንድሜም አያውቁም። እነሱን ያስፈረምኳቸው «ቤቱ ይወድቅባታል» ብዬ አስፈራርቼ ነው። ስለ ፍርድ ቤት እንዳያነሡ ነግሬያቸዋለሁ፤ የቀረውን አንቺ ንገሪያቸው፣ እኔ በስልክ አልችልም።

የግቢውን ነገር ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ በእግሬ ለካሁ። ከዛፉ እስከ በሩ ስንሮጥ ትንፋሽ ያጥረን ነበር እኮ። እንዴት ነው ሁለት እርምጃ የሚሆነው?

ይህ ማለት ግን ተረታሁ ማለት አይደለም። ዕቅድሽን አርሜዋለሁ። ስድሳ ከመቶ። አትዘንልኝ ስላልሽ አላዘንኩም።

አንደኛ፣ በዕቅድሽ አናጢው ሥራ የሚጀምረው እንጨቱ በመጣ ማግሥት ነው። እርጥብ እንጨት ሰቅለሽ በበጋው ሲደርቅ ይጣመምና ቆርቆሮውን ይገነጥለዋል። እንጨቱ መጀመሪያ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይደርቃል። ወሳኙ መስመርሽ እሱ ነው፤ አናጢው አይደለም። ይህን መጽሐፉ አይነግርሽም ብዬሽ ነበር።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በሥራ ዝርዝርሽ ውስጥ ለማሽኑ መጠለያ አለ። ለመጽሐፎቹ መጠለያ አለ። ለድመቷ፣ ለድመቷ እንኳ! አንቺ የት ነሽ? ጣሪያው ሲነሣ የት ልትተኚ ነው? ገጹን ገለበጥኩት፣ ጀርባውንም አየሁ፤ የለሽም። እኔ ስጋት ብዬ ጻፍኩሽ፣ አንቺ ደግሞ ራስሽን ጭራሽ አልጻፍሽም። ከሁለታችን ማን ነው የባሰው?

ስድሳ የሰጠሁሽ ለዚህ ነው። አርባውን የወሰደው ይህ ስህተት ነው።

ችኩሌ


ሚያዝያ 16

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቀና ብለህ ሂድ፤ ያዋረደህ ማንም የለም። በሠራህበት ሁሉ ፈጣሪ ብድርህን ይክፈልህ።

ስድሳህን አልቀበልም። ይግባኝ ብያለሁ። በእንጨቱ ልክ ነህ፤ መምህሩም «ይህን ያረመው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ «ተማሪዬ» አልኩት። በመኝታዬ ግን ስህተት ሳይሆን ልማድ ነው። ብቻዋን የኖረች ሴት የዕቃ ዝርዝር ስታወጣ ራሷን አትጽፍም። ቢሆንም አርሜዋለሁ፤ ጣሪያው ሲነሣ ልብስ ሰፊዋ መኖሪያ ቤት እተኛለሁ። አስቀድሜ አስጠንቅቄያታለሁ፣ አንኮራፋለሁ ብዬ። «ማሽኔ ይብሳል» አለችኝ።

እህትህንና ወንድምህን ሳሎን ጠራኋቸው። ባልዲዎቹን አንሥቼ አሮጌውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አቆምኩ። አንድ በአንድ አስተማርኳቸው፤ ዓላማ፣ የሥራ ወሰን፣ ስጋት፣ የጊዜ ሰሌዳ። ወንድምህ እንደ ድሮው ከኋላ ሊቀመጥ ሲል ወደ ፊት አመጣሁት። እህትህ መጀመሪያ እጇን አጣምራ ነበር። «ፎቁስ? ፎቁ ቀረ ማለት ነው?» አለች።

«ፎቁ የሚቆመው ወንድምሽ ልብ ውስጥ ካለው ግቢ ላይ ነው። እሱን ማፍረስ አልችልም። ይህንን ደግሞ አላስፈርስም» አልኳት።

ከዚያ ያንተን ነገር ነገርኳቸው። ወንድምህ ተነሥቶ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ፤ አስቀድሜ አጥፍቼው ስለነበር ምንም የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ጥቂት ቆይታ እህትህ እጇን አወጣች። በዚህ ዕድሜዋ፣ በእኔ ሳሎን፣ እጇን! «እሱ ሲመጣ የሚተኛበት ክፍል ዕቅዱ ውስጥ አለ?» ብላ ጠየቀች። «አሁን ይኖራል፤ የሥራ ወሰኑን ስላሰፋሽው ከተጨማሪ ነጥብ ጋር» አልኳትና የኋላውን ክፍል ጨመርኩ። ዕቅዱን ሁለቱም ከመነሻው እስከ ርክክቡ መልሰው አስረዱኝ። ሲገባቸው አስፈረምኳቸው፣ በመጨረሻ እኔ ፈረምኩ። ማስተማር የምችለው ስለሆነ።

የአንተ ቦታ ባዶ ነው። ያለው ሥራ ይህ ነው፤ እንጨቱን መርጠህ ታስመጣለህ፣ ታደርቃለህ፣ አናጢውን ትቆጣጠራለህ። የፕሮጀክቱ አስተዳዳሪ እኔ ነኝ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የምታዘው እንጨቱን ነው፣ እኔን አይደለም። ሰው ምን ይላል ብለህ እንቅልፍ ከምታጣ መልሱን ልንገርህ። «አክስቱ ቀጠረችው» ይበል። አሳፋሪ ከመሰለህ እዚያው ሊፍትህ ውስጥ «ሥራ ይበዛል» እያልክ ኑር። እኔ ግን እንጨት የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ፤ ክረምትም አይጠብቀኝም።

ከዚያ ወዲህ እህትህ ደውላልህ የምትመጣበትን ቀን እንደቆረጥክ ነግራኛለች። አውሮፕላን ጣቢያ አልመጣም። በዚያ ሰዓት የመጨረሻ ፈተናዬ ላይ ነኝ፤ ላንተ ብዬ አላስቀይረውም፣ አንተም ጀርባውን ሳልገለብጥ እንዳስረክብ አትፈልግም። ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። በሩን ስትከፍት ግቢው ይጠብሃል፤ አትደንግጥ፣ ከሎሚ ዛፉ ሥር ቁጭ በልና ጠብቀኝ። ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እንለካዋለን።

አክስትህ፣
የፕሮጀክቱ አስተዳዳሪ